ጭስ ያስመሸው ቀን

ልጅ ሳለሁ የጭሱን ወራት እንደ በዓል ነበር የምጠብቀው። ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ፣ እየሳለ፣ የታጠበ ልብሱን ከገመድ ላይ እየለቀመ ወደ ቤት ሲሮጥ እኔ ግቢው መሃል ቆሜ እዘል ነበር። ጭስ መጣ ማለት ልጆች በጊዜ ይሰበሰባሉ ማለት ነው፤ በጊዜ ተሰበሰብን ማለት ደግሞ ተረቱ በጊዜ ይጀመራል ማለት ነው። ለተረት ስትል ሳንባዋን የምትሸጥ ልጅ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እኔ ነበርኩ።

ያኔ የጅጅጋ ዙሪያ ገበሬዎች ማሽላቸውን አጭደው፣ አገዳውን ለከብትና ለግመል ካነሱ በኋላ፣ መሬት ላይ የቀረውን ጉቶና አረም ዝናቡ ሳይደርስ በእሳት ይጠርጉት ነበር። ጂላል የሚሉት ደረቅ ወራት መጨረሻ ላይ ነው ይሄ። ነፋሱ ወደ ሌላ ሲሄድ ደህና ነን፤ ወደ እኛ የዞረ እንደሆነ ግን፣ ከተማዋ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናትና ጭሱን አቁሞ «ወዴት ነህ?» የሚለው የለም፤ ዘው ብሎ ይገባል። ጥላሸቱ እንደ ጥቁር ላባ እየተንሳፈፈ ወተቱ ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ የእማዬ ነጠላ ላይ ያርፋል። እማዬ በዚያ ወራት ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ካራማራ አለ?» ብላ ነበር። ወጥቼ ተራራውን አይና «አለ!» ካልኳት ልብስ ታጥባለች፤ «ግማሹ አለ» ካልኳት ታመነታለች፤ «የለም» ካልኳት በሩን ዘግታ አሮጌ ነጠላ ውሃ ውስጥ ትነክርና መጋረጃ ታደርገዋለች።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከወሎ ተመድቦ ሲመጣ እኔና ታናሼ ደምሴ ገና ትንንሾች ነበርን። የተከራየነው ግቢ ውስጥ የባለቤቱ አባት፣ ሽማግሌው ጉሌድ ይኖሩ ነበር፤ ልጅ ሁሉ «አዎዌ» ነው የሚላቸው፤ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። እንደገባን ሰሞን እማዬ፣ እኔ ደጅ ቆሜ «አዎዌ! አዎዌ!» እያልኩ ስጣራ ትሰማና «ይቺ ልጅ ማን ጠይቋት ነው አዎ አዎ የምትለው?» ትል ነበር።

አዎዌ ጉሌድ ጺማቸውን በሂና ቀይ ያደረጉ፣ በጉልምስናቸው ግመል ነጂ፣ በእርጅናቸው ደግሞ የሰፈሩ ዳኛ ነበሩ። የተጣላ ሰው ሁሉ በራችን ፊት ያለው ግራር ሥር መጥቶ እሳቸው ፊት ይፋረዳል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እማዬን «አንተ፣ ልጁን ጥራ» ይሏታል። እኔን ደግሞ፣ አፌ ስለማያርፍ፣ «ራዲዮ» ነበር የሚሉኝ።

ማታ ማታ ምራታቸው ኢብላ ፍም ላይ የግራር ቅርፊት ጣል አድርጋ የወተት ዕቃዋን ታጥናለች። ያ ጭስ፣ ወላሂ፣ የማሳው ጭስ ዘመድ አይመስልም ነበር፤ ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው። የማሳው ግን ሳይጠራ መጥቶ አልጋ ላይ የሚወጣ ዓይነት ነው። ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ እኛ ከፍሙ ግራና ቀኝ እንደረደራለን፤ የፋኖሱ ብርሃን የአዎዌን ጺም ከቀይ ወደ ወርቅ ሲለውጠው፣ ያኔ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ሼኮ ሼኮ!» ይላሉ። እኛ «ሼኮ ሐሪር!» ብለን እንመልሳለን፤ ተረት ተረት፣ የሐር ተረት እንደማለት ነው። የእማዬ ተረት ከላም በረት ነበር የሚነሳው፣ የእሳቸው ከሐር፤ እኔ በረቱንም ሐሩንም እወድ ነበር።

ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። በየመሃሉ የሚሰማው ሰው «ሃዬ» ማለት አለበት፤ እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ ማለት ነው። «ሃዬ» የሚል ከጠፋ ተረቱ እዚያው ይቆማል። ደግሞም ተረት በቀን አይወራም። «በቀን ተረት ያወራ ሰው ግመሉ ይጠፋበታል» ይሉ ነበር። እኛ ቤት ግመል ቀርቶ ዶሮም አልነበረንም፤ ቢሆንም ያን ሕግ ማንም ሲጥሰው አላየሁም፤ ከአንድ ቀን በቀር።

ደምሴ ጭስ አይስማማውም ነበር። ወራቱ በመጣ ቁጥር ደረቱ ማፏጨት ይጀምራል። አስም መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው፤ ያኔ «የደምሴ ደረት» ብቻ ነበር የምንለው፣ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል። «የደምሴ ደረት ዛሬ እንዴት አደረ?» «ደህና ነው፣ ትንሽ አኩርፏል» እንባባላለን።

ያን ቀን ጠዋት እማዬ «ካራማራ አለ?» ስትለኝ ወጣሁ። ካራማራ የለም። የመስጊዱ ሚናራም የለም። ትንሽ ቆይቶ በራችን ፊት ያለው ግራር ራሱ ጠፋ። አባቴ ለሥራ ደገሀቡር ወርዷል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ መጀመሪያ ሸክላ መሰለች፣ ቀጥላ እንደሚከስም ፍም ጠየመች፣ ከዚያ የት እንደገባች አላውቅም። የኢብላ ዶሮዎች መሸ ብለው ሰልፍ ሠርተው ቆጣቸው ላይ ወጡ። ደምሴ የበሩን መቃን ይዞ ትከሻው እስከ ጆሮው እየወጣ ይወርዳል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። መናገር አቅቶት ዓይኑን ብቻ እማዬ ላይ ተክሏል።

እማዬ ታቅፋው ልትሮጥ ስትል አዎዌ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉባት።

«ወዴት ትወስደዋለህ? ጭሱ ውስጥ?»

«ጤና ጣቢያ ነዋ አባባ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!»

«አንተ ሩጥ፣ ሐኪሙን አምጣ። ልጁ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። የእኔ ክፍል ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መስኮት የለውም።»

እማዬ አንዴ ልጇን፣ አንዴ በሩን አየች። ከዚያ እርጥቡን ነጠላ አፏ ላይ ጠምጥማ ወጣች፤ ከደጃፉ እልፍ እንዳለች ጭሱ ዋጣት።

አዎዌ ደምሴን ፍራሽ ላይ አስቀመጡት፤ ትራስ አስታቅፈው ወደ ፊት ደገፍ አደረጉት። ኢብላ በሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቅላ ፋኖሱን አበራች፤ ፍሙን ግን ውጪ አመድ ውስጥ ቀበረችው። ደምሴ እናቱን ሲያጣ ማልቀስ ጀመረ፤ ለቅሶው ደግሞ ያቺን የቀረችውን ትንፋሽ ይቀማው ነበር።

«አታልቅስ» አሉት አዎዌ። አታልቅስ ተብሎ ዝም ያለ ልጅ እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ተረት ይንገሩት!» አልኩ እኔ።

«ቀን ነው።»

«የታለች ፀሐይዋ?»

«አንተ ራዲዮ፣ ዝም በል።»

«የታለች? ያሳዩኛ! ፋኖስ በርቷል፣ በር ተዘግቷል፣ ምኑ ነው ቀን?»

ኢብላን ሳቋ አመለጣት። አዎዌ ግን አልሳቁም፤ ነገሩን እንደ ክስ ነው የወሰዱት። ተነሡ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ሰማዩን አዩ፣ መልሰው ጋረዱት። ከዚያ ግራሩ ሥር እንደሚቀመጡት ቀጥ ብለው ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ምስክር አለህ?» አሉኝ።

«ዶሮዎቹ!»

«ኢብላ፣ ዶሮዎቹ የት ናቸው?»

«ተኝተዋል አባባ። ያቺ ቀበጥ ሳትቀር ተኝታለች።»

አዎዌ ጺማቸውን ዳበሱ። ደምሴ እያለቀሰም ቢሆን ፍርዱን ለመስማት ቀና አለ።

«ፀሐይ ከሌለ፣ ዶሮ ከተኛ፣ ፋኖስ ከበራ፣ ሌሊት ነው» አሉ። «ተፈረደ። ሼኮ ሼኮ!»

ተረቱ ጭስ አይቶ ስለማያውቅ ጅብ ነበር። ጅቡ አንድ ጠዋት ከሩቅ ጭስ ሲወጣ ያይና ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ ይመስሉታል። ሰላም ይላቸዋል፤ አይመልሱም። ይናደዳል፤ ሊጣላቸው ይሄዳል። ይኸው ነው፤ ሌላ ማታ ቢሆን አዎዌ አጣድፈው ጅቡን ያደርሱት ነበር። ያን ቀን ግን «ጅቡ… ተነሣ» ይሉና ያቆማሉ። ዓይናቸው ከደምሴ ደረት አይነሣም። «አንተ ሃዬህን በአፍህ አይደለም» አሉት፤ «መጀመሪያ ቀስ ብለህ ተንፍስ፣ ከዚያ በጣትህ ጉልበትህን ንካ።» ደምሴ ትንፋሹን እያፏጨ ያወጣል፣ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ ያኔ ብቻ ጅቡ አንድ እግሩን ያነሣል። ደግሞ ይጠበቃል። ደግሞ ሌላ እግር። ጅብ ከተፈጠረ እንዲህ ተጎትቶ አያውቅም! እኔ ልፈነዳ ደርሼ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ስል «ራዲዮ ይዘጋ!» ይሉኛል። እርጅና የተጫጫናቸው መሰለኝ።

የደምሴ ለቅሶ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ትከሻው ግን ከጆሮው ወርዶ ቦታው ገባ፤ ፉጨቱም እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ከፋኖሱ ክር ትርትርታ የማይለይ ሆነ። ጅቡም እንደምንም ደረሰ። «እኔን የሚንቅ ሽማግሌ ማነው!» አለ፤ ጥምጥሙን ሊነጥቅ አፉን ከፍቶ ዘለለ፤ ልክ እዚያ ላይ ነፋሱ ተገለበጠ። በጨርቁ ጠርዝ ቀጭን የፀሐይ ጨረር ገብታ አዎዌ ጺም ላይ አረፈች። አዎዌ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ጺማቸውን አዩ፣ በሩን አዩ።

«ቀን ሆነ» ብለው ፋኖሱን እፍ አሉት።

«ጅቡስ?!»

«ግመሌ ይጥፋብኝ እንዴ?»

እማዬ ነጠላዋ በጥላሸት ጠቁሮ፣ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር በእጁ እየጎተተች ስትደርስ፣ ደምሴ ትራሱን አቅፎ ቁጭ ብሏል፣ እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ «ጅቡስ! ጅቡስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ድሬሰሩ ግራ ገብቶት «የታመመችው ይቺ ናት?» አለ። ኋላ ደምሴን አዳመጠ፣ መድኃኒት ሰጠው፣ «አሁን ሸጋ ነው» አለ። እማዬ ልትስም የአዎዌ ጉልበት ላይ ስትደፋ «አንተ ተው፣ ጉልበቴ ያመኛል» አሏት።

ደምሴ አድጎ፣ እንደ አባቱ መሪ ጨብጦ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ዛሬም ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው። ልጁ ሳራ ደረቱንም ምላሴንም ወርሳለች። ጭሱም አልቀረም፣ እንዲያውም ጎልምሷል፤ ዛሬ ስንዴ ነው፣ ትራክተር ነው፣ ማሳው በዓይን አያልቅም። ገለባውን ሰብስቦ ለከብት የሚሰጥ አለ፤ ክብሪት የሚቀለውም አለ። እኛም ኑሯችንን አበጅተንለታል። ወራቱ ሲደርስ ከኮሮና የተረፈውን ማስክ ከሣጥን አወጣለሁ፤ ሳራ የምትስበውን መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥም ትራሷ ሥርም አደርጋለሁ፤ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ እጠቀጥቃለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሣለሁ። ኢብራሂም የሚባል፣ ማሳው ከከተማው ጫፍ የሆነ ገበሬ ወዳጅ አለኝ።

«ኢብሮ፣ ነፋሱ ወደ እኛ ነው! ዛሬ እንዳትለኩስ!»

«ኤዶ፣ ትራክተሩ ነገ ይመጣል እኮ።»

«ትራክተሩ አስም አለበት? ይጠብቅ!»

ኤዶ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሳራ ስትጠራኝ ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶው አደረገኝ። ኢብራሂም አንዳንዴ ይሰማኛል። አንዳንዴ ደግሞ እሱ ቢሰማኝ ጎረቤቱ ይለኩሳል።

አምና እንዲያ ሆነ። ደምሴ መንገድ ላይ ነበር፣ መብራት ሄዷል፣ ጭሱ ሰፈሩን ተጭኖታል። ሳራ መድኃኒቷን ሳበች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቅ አላት፣ ትንፋሿ እየተሯሯጠ ነው። ክሊኒክ ደወልኩ፤ «ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት፣ ቶሎ ካልተሻላት አምጫት» አሉኝ። ባጃጅ ጠርቼ በር ላይ አስቆምኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባቷ በልጅነቱ ከኢብላ አውራ ዶሮ ጋር የተጣላበትን ወሬ ጀመርኩላት። እኔ ወሬ ስጀምር ባቡር ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንዲት ቃል እልና ደረቷን አያለሁ፣ እስክትተነፍስ እጠብቃለሁ፣ ሌላ ቃል እላለሁ። ምላሴ ጥርሴ ኋላ ሆኖ ያሳክከኛል። አዎዌ ጉሌድ ያኔ ያረጁ የመሰሉኝ ምን ሲያደርጉ እንደነበር የገባኝ ይሄኔ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከነገሩን ተረት ስንቱ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል፤ ያ መጠበቃቸው ግን አልጠፋም። ለካ ሰውን በመጠበቅም ማቀፍ ይቻላል።

አውራ ዶሮው አጥሩ ላይ ወጥቶ ክንፉን… ዘረጋ። ጠበቅኩ። ሳራ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኤዶ፣ በዚህ አያያዝሽ ዶሮው አባቴን እስኪነቁረው እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አግብቼ ወልጄ ጫፉን የምትሰማው የልጅ ልጄ ናት፣ ፍጠኚ እንጂ ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!»

ሌላ ቀን «አንቺ ሴትዮ» ብትለኝ ሰፈሩን አንድ አደርገው ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ጆሮዬ አልገባም፤ ከቃሉ ሥር ያለውን ነበር የማዳምጠው። ከ«ኤዶ» እስከ «ሴትዮ» አንዴም አልተቆረጠ፣ አንዴም አላፏጨ።

«ድገሚው እስቲ!» አልኳት።