የባራንባሮ ምግብ ቤት

በርበራ ወደብ ላይ “ዲሪዬ ሒርሲን አገናኙኝ” ያለ ሰው ሲዞር ይውላል። “ባራንባሮን” ካለ ግን ክንዱን ይዘው በሩ ድረስ ያደርሱታል። ባራንባሮ በሶማልኛ በረሮ ነው። አንካሳውን አንካሳ፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ብሎ በሚጠራ ከተማ በዚህ የሚቀየም የለም።

ስሙ የወጣለት በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በእንጨት ጀልባ ላይ ወጥ ሠሪ ሳለ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከጣሪያው በረሮ ወድቆ ሩዙ መሀል ዐረፈ። መርከበኞቹ በረሮውን በየአገራቸው ስም እየጠሩ ሰደቡት።

“ሱርሱር!” አለ የመኒው። “ድምፁ ነው ስም ያወጣለት።”

“የሚጮኸው ፌንጣ ነው እኮ!” አለ አንዱ።

“ቢሆንስ? ዘመዳሞች አይደሉ? በአንድ ስም ይኑሩ!”

የሞምባሳው ሰው “እኛ ሜንዴ ነው የምንለው፤ ለምን እንደሆነ አባቴም አያውቅ” አለ። ሕንዱ ግን ሳቀ። “በኛ አገር ስሙ ዘይት ላሽ ነው። ዘይት የተከፈተበት ቤት መች ይጠፋል?”

የዲሪዬ ባልንጀራ ጉሌድ ቀና ቢል ዲሪዬ የቅቤውን ማንኪያ እየላሰ ነው።

“ወርያ! በሁለት እግሩ የሚሄደው ባራንባሮ ይኸውላችሁ!”

በዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት በባሕር ላይ ባራንባሮ ተባለ። ሚስቱ ካልቱን ብቻ አንድም ቀን በዚህ ስም አልጠራችውም።

ጉልበቱ ሲደክም ከባሕር ወጣ። ካልቱን የሠርጓን አምባር ሸጠች፤ ወደቡ አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቤቱ ካልሠራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

“በሩ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ አባትህ ያወጣልህን ስም አስጽፍ” አለችው። “በረሮ የተጻፈበት ቤት ገብቶ ማን እጁን ይታጠባል?”

እውነቷን ነው ብሎ “ምግብ ቤት ዲሪዬ ሒርሲ” አስጻፈ።

የበጋው ሙቀት አልፎ፣ እሱን ሸሽቶ ተራራ ላይ የከረመው ሰው ወደ በርበራ ተመለሰ። ወደቡ ሞላ፣ የነሱ ወንበር ግን ባዶ ነበር። የተጠበሰውን ዓሣ ድመቶች በሉት። በሁለተኛው ሳምንት ካልቱን ሩዙን በግማሽ ቀነሰች።

አንድ ቀን ጉሌድ በበሩ ሲያልፍ ዲሪዬን አየውና ቆመ።

“አንተ! እዚህ ተቀጠርክ እንዴ?”

“ቤቱ የኔ ነው።”

“ያንተ? ታዲያ ይሄ ዲሪዬ ሒርሲ ማነው? ከሐርጌሳ የመጣ ነጋዴ መስሎን ስንሸሸው ከረምን! መርከበኛው ሁሉ ‘ባራንባሮ ቤት ከፍቷል አሉ፣ የት ይሆን?’ እያለ ይፈልግሃል። የናትህ ልጅ እንኳ በዚህ ስም አያውቅህም!”

ዲሪዬ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ካልቱን ሁሉንም ሰምታለች። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣችና ሰሌዳ ጻፊውን ራሷ ጠርታ መጣች።

“ባራንባሮ ብለህ ጻፍ” አለችው። “የበረሮ ሥዕል ግን እንዳታደርግ። አንድ ጢም ባይ አላስተርፍህም።”

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የወጥ ቤቱን ወለል በጋዝ ታጥባለች፤ ዘይቱንም ከድና ድንጋይ ትጭንበታለች።

አርብ ከጸሎት በኋላ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ዲሪዬ ከጉሌድ ጋር ወሬ ይዞ ትእዛዙን ረስቷል። ካልቱን ሁለቴ “ዲሪዬ!” ብላ ተጣራች፤ በጫጫታው መሀል አልሰማትም። ሦስተኛውን ጮክ አለች።

“ባራንባሮ! ሩዙ ቀዘቀዘ፣ ና አንሣ!”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን ወዲያው ዞረ።