ማዶውን የሚያሳይ መጠጥ

ልጅ እያለሁ በእኛ አገር በዘመሮ የታመመ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም ነበር። አንዷ ተልባ፣ ሌላዋ ገንፎ፣ ሌላዋ የበግ መረቅ ይዛ ትመጣና «እስቲ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» እያለች በሽተኛውን ታስጨንቀዋለች። ካልቀመሰላት ቅያሜዋ ከበሽታው ይብሳል። እኔን ምግብ የከለከለኝ ሐኪም ይህን የአገራችንን ነገር አላወቀም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ ከረመ። መሐል ሜዳ ከተማ ያየኝ ሐኪም አንጀቴ ላይ የተቋጠረ ነገር እንዳለ ጠረጠረና ደብረ ብርሃን ሄጄ ራጅ እንድነሳ አዘዘ። ነገሩ ካለ ሆዴ ይቀደዳል፤ ከሌለ በክኒን እድናለሁ። አንጀቴ ካልጸዳ ግን ፎቶው አይነበብም፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ቀኑን ሙሉ፣ ራጅ እስክነሳም ድረስ፣ ከጠራ ፈሳሽ በቀር ምንም እንዳልቀምስ አስጠነቀቀ። አባቴ «የጠራ ማለት እስከምን ድረስ ነው?» ሲለው «ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ማዶ ያለውን ፊደል ካሳየ ትጠጣ፤ ካላሳየ ይቅርባት» አለ። እናቴ መቀደድ የሚለውን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ! አውቶቡስ ልሳፈር ነው፣ ደብረ ብርሃንን ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የስኳር ሻይ እንዳሻኝ ተፈቅዶልኛል።

አባቴ መሪጌታ ነው፤ በፊደል ቀልድ አያውቅም። በጉዞው ዋዜማ ማለዳ ቀይና ጥቁር ቀለም ያለውን የብራና መጽሐፉን አትሮኑስ ላይ ዘርግቶ ደጃፉ አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት ተቀመጠ። ጠያቂ ያመጣው ሁሉ በብርጭቆ እየተቀዳ ከመጽሐፉ ፊት ይያዛል፤ አባቴ አንገቱን አስግጎ ያነባል። ተልባው ወደቀ። የገብስ ሾርባውማ ገና ሳይቀርብ ወደቀ። ብርዙ ጥቁሩን አሳይቶ ቀዩን ስላደበዘዘ ይጠለል ተባለ። የበጉ መረቅ ስቡ ተገፎ በንጹሕ ሻሽ ተጠልሎ ሲያልፍ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ጥየቃው ቀረና ውድድር ሆነ፤ የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ተኮልኩለው «ያልፋል! አያልፍም!» ይባባላሉ። የእናቴ ወንድም ጋሽ ጥላዬ «እኔስ የማያጠራጥር አምጥቻለሁ» ብለው አንድ ብርጭቆ ሲያቀርቡ ፊደሉ ከሁሉም በላይ ወለል ብሎ ታየ። አባቴ ጠጋ ብሎ አሸተተና መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። አረቄ ነበር! አልጋዬ ላይ ሆኜ በሳቅ ፈረስኩ፤ በሳቅሁ ቁጥር ደግሞ ሆዴን ይቆርጠኛል።

አባቴን ያስቸገሩት ግን ታላቅ እህቱ እቴቴ በላይነሽ ናቸው። «ባዶ አንጀቷን በጣርማ በር ብርድ ልትወስዳት ነው? አንተ ጾም የለመድህ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነህ፤ እሷ ልጅ ናት!» ብለው ጮኹበት። ያመጡት የአጃ አጥሚት ከሩቅ ወተት ይመስላል። ሲወድቅባቸው ተቆጥተው ወጡ፤ አጥልለው ተመለሱ፤ አሁንም ወደቀ። ነጠላቸውን ደራርበው እንደገና አጠለሉት፣ እስኪዘቅጥ ጠብቀው ከላይ ከላዩን ቀዱ። ፀሐይ ስታዘቅዝቅ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲገቡ ልጆቹ ከበሩ ገለል አሉላቸው። አባቴ አንድ መስመር አነበበ፤ ቅጠሉን ገልጦ ሌላ አነበበ። «አልፏል» አለ። ምን ዓይነት እልልታ ነበር! ስጠጣው ከአጥሚትነቱ የተረፈው የጭስ ሽታ ብቻ ነው። እቴቴ ግን «አሁን ገና እህል ቀመሰች!» ብለው እፎይ አሉ።

እፎይ ያሉ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አውቶቡሱ ጋ ሲሸኙን አገላብጠው ሳሙኝና አንዲት ቋጠሮ እጄ ውስጥ ሸጎጡ። ትኩስ የገብስ ቆሎ! «ማንም አያይሽም፤ ቅመሺ» አሉኝ በጆሮዬ። መንገድ ላይ ምራቄን እየዋጥኩ ቋጠሮውን ጨብጬ ሄድኩ። አንዷን ፍሬ ብቆረጥም ማን ያውቃል? ግን መቀደድ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ገና አስፈራኝ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲከበን መቋቋም አቃተኝና ቋጠሮውን ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ እሱም አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ፎቶውን አገላብጦ አየና «ጥርት ብሎ ወጥቷል። የተቋጠረ ነገር የለም፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም» አለ። አባቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰ ቆሎውን ፈቶ መጀመሪያ ለእኔ ዘገነልኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ ሐኪም ያንኑ የጠራ ፈሳሽ አዘዘልኝ። ብቻዬን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃዬንና ሻይዬን ስጠጣ ዋልኩ። የጎረቤቶቼ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል፤ የእኔን ያንኳኳ የለም። በማግስቱ ሐኪሙ አንጀቴን ጸድቶ ሲያገኘው በጣም ተደሰተ። «ብዙ ሰው ቤተሰብ ሲለምነው ይሸነፍና ይቀምሳል፤ እርስዎ እንዴት ቻሉት?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ እምቢ የምለው ሰው አጥቼ ነው የዋልኩት።