ውሃ ፈርታለች ያሏት ውሻዬ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ ውሻ ማሳደግ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሻ የላሰውን ዕቃ በአፈር ካልታጠበ አይነኩም። እምነታቸውን አከብራለሁ፤ ውሻዬንም እወዳለሁ። ሁለቱ አይጣሉም ብዬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ እዚያው አሳደግኳት።

አከራዬ፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ባልቴት፣ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ የውሻዋ ሳህን ከቧንቧውና ከበርሜሎቹ ይራቅ። ስለዚህ ግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር አኖርኩት። ጠዋት ሞልቼላት ቀፊራ ገበያ ወደ ቅመም መደቤ እሄዳለሁ፤ ቀትር ላይ ተመልሼ እቀይርላታለሁ። በግንቦቱ ሙቀት የፕላስቲክ ሳህኗ ተሰነጠቀና በቆርቆሮ ሳህን ተካሁት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ስመለስ ግቢው ተሰብስቧል። ድሬ በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጋ ጋደም ትላለች፤ እረፍቱን ትቶ የቆመ ሰው ሳይ ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ባለባጃጁ ጎረቤቴ ዱላ ይዟል። ውሻዬ አጥሩ ጥግ ተወሽቃ ታለከልካለች፤ ለሃጯ ይንጠባጠባል።

«አቦ፣ ይቺ ውሻ አብዳለች» አለኝ። «ሳህኗ ሙሉ ነው፤ ጠጋ ትልና ትሸሻለች። ውሃ ፈርታለች። ልጆች አሉን፣ ዛሬውኑ ትገደል።»

ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚፈራ የማያውቅ የለም። አንዱ አየሁ ሲል ሌላውም አየሁ አለ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ክትባቷን በየጊዜው የማስከትባት እኔ ነኝ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ደሜ ፈላ። በመካከላቸው አልፌ እጄን ሳህኑ ውስጥ ከተትኩ፤ ወዲያው መነጨቅኩት። ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለው ቆርቆሮ ውሃውን ሻይ ለማፍላት አድርሶታል።

«እጅህን ክተትና ሞክረው» አልኩት።

«ውሻ የላሰውን? ወላሂ አልነካም።»

«እንግዲያው ሳትነካ አትፍረድ።»

ዱላውን አላወረደም። ቤቴ ገብቼ ከገንቦዬ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁ። ማቅረቢያ ስፈልግ ያነሳሁት፣ ጎረቤት ሲመጣ ማንጎ የማቀርብበትን የሸክላ ሳህን ነበር። ሌላ አጥቼ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። ሁሉም እያዩ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

አፍንጫዋን ነክራ እስኪያንቃት ድረስ ጠጣች። ባዶውን ላሰችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግሜ ሞላሁላት። ዱላው ወረደ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

«ከእንግዲህ ከቤትሽ ምን እንቀምሳለን?» አለችኝ የባለባጃጁ ሚስት።

«አትቅመሱ። እሷ ግን ትጠጣለች።»

እውነትም ቀሩ። ቅር አይለኝም ብል እዋሻለሁ፤ በተለይ በዓል ሲመጣ ማንጎውን ብቻዬን መብላት ያስጠላኛል። ሳህኑን ግን አላነሳሁትም። እንዲያውም ግቢው መሐል ወዳለው ኒም ዛፍ ጥላ አመጣሁት። ውሃው እንዳይሞቅ ግማሹን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ ዙሪያውን አርሳለሁ። ከቧንቧው በጣም ቀርቧል፤ አዴ ያዘዙትን ማፍረሴ እንደሆነ አላጣሁትም። ቤቱን ልቀቂ እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ካሉኝም እኔና ውሻዬ አብረን እንወጣለን ብዬ ቆርጫለሁ።

አንድ ቀን ገበያው ይዞኝ ቀትሩ አለፈብኝ። እየሮጥኩ ስገባ አዴ ለሶላት ታጥበው ጨርሰዋል። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ ከሳህኑ ራቅ ብለው ቆመው፣ ከማንቆርቆሪያቸው የተረፈውን ውሃ ከላይ ይቀዱላታል። ውሻዬ ጭራዋን እየቆላች ትጠብቃለች። ሲያዩኝ እጃቸውን አልመለሱም።

«ዘገየሽባት» አሉኝ። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»