ወንዙ የት ደረሰ?

ከባንግላዴሽ የመጣችው አሰልጣኝ ግቢያችን ስትገባ እኔ ስለ አገሯ የማውቀው ጎርፍ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ስለ እኛ የምታውቀው ረሃብ። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ሙሉውን ትሪ አየችና፣ «ይሄ ሁሉ ለእኔ? እናንተስ ምን ልትበሉ ነው?» አለች በእንግሊዝኛ። በስመ አብ! ደሜ ፈላ። «እኛ አናንስም፤ አንቺ ግን ዋና ትችያለሽ?» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ እንደ እኛው እጇን ታጥባ፣ በቀኝ እጇ ቆርሳ በላች።

ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ እሰፋለሁ። እሷ የመጣችው ለአንድ ዓመት የኮሌታና የእጅጌ አሰፋፍ ልታስተምረን ነው። ማደሪያ ስትፈልግ የእኛን ሰርቪስ ተከራየች። ግቢያችን ላፍቶ ነው፤ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ የዚሁ አገር ገበሬ ልጅ ናት። ጤፍ ትዘራበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የቀሯት ሁለት ላሞች ናቸው፤ ወተቱን ለሠፈሩ ትሸጣለች። ላሞቹን በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ ትቆጣለች።

ጥቅምት ላይ እንግዳችን ጭንቀቷን ነገረችን። እናቷ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖረው ትልቅ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ በየክረምቱ መሬቱን እየቆረሰ ይበላል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቶቿን ቦታ ጨርሶ ወስዶ የእናቷ ቤት ዳር ላይ ቀርቷል። ቤቱ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ሲሠራም ተፈትቶ እንዲሄድ ተብሎ ነው። ወንዙ ሲቀርብ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ብሎኑን ይፈታና ግድግዳውን ተሸክሞ ራቅ ብሎ ያቆመዋል።

«ቤት ይፈታል?» አለች እናቴ ተገርማ። «በደቦ? አቤት ብልሃት! የእኛ ጭቃ ቤት ቢፈታ የሚተርፈው ጭቃ ነው።»

ችግሩ እናትየው እንቢ ማለቷ ነበር። ባሏ የተቀበረው ከቤቱ ጓሮ ነው። «ቤቱ ይፈታል፤ መቃብሩ አይፈታም» ብላ ቁጭ አለች። ልጇ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ እናቷን ከዚያ ማስወጣት አለባት፤ ካልሆነ ወንዙ ቤቱን ከነሰዉ ይወስደዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ለእናቷ ደውላ ስትጨርስ የእኔ እናት ከበረት ሆና ትጣራለች፦ «ወንዙ የት ደረሰ?»

ዓመቱ እንዲህ ሄደ። ኅዳር ላይ ሩዝ እየታጨደ ነው አለችን። ታኅሣሥ ላይ አገሯ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው ብላ ባንዲራዋን ሰርቪሱ በር ላይ ሰቀለች፤ አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ክብ ያለበት። ጥር ላይ እኛ የሰፋነው ኮሌታ ለእርማት መመለሱን ተወ፤ በኩራት የምንይዘውን አጣን። የካቲት ላይ የእሷ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ ገጠመ። በዚያው ወር ጥቁርና ነጭ ለብሳ ወጣችና ወጣቶች ለቋንቋቸው ሲሉ በጥይት የሞቱበት ቀን ነው አለችን። እናቴ ወተቱን እያጠለለች ነበር። «ለአፍ መፍቻ ቋንቋቸው?» አለች፤ «እሰይ! የሰው ልጆች!» ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ሠርታ «አዲስ ዓመት ነው» ብላ መጣች።

«አዲስ ዓመትማ መስከረም ነው» አለቻት እናቴ።

«ፈረንጆቹ በእናንተ ታኅሣሥ አይደል የሚያከብሩት?»

«እነሱማ ተሳስተዋል።»

«እንግዲያው እኛም እንሳሳት» አለችና ጣፋጩን አጎረሰቻት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የእሑዱ መልስ ተለወጠ። ወንዙ ጓሮው ደርሷል። እናቴ ነገሩ የቀለላት መስሏት፣ «ታዲያ አፅሙን ይዛ ትውጣ! እኛ እኮ ስንነሳ አፅም እናነሳለን» አለች። የእንግዳችን ፊት ልውጥ አለ። የተቀበረ ሰው በእነሱ ዘንድ እንደማይነካ አስረዳቻት። እናቴ ደነገጠች። «ውይ፣ ይቅር በይኝ ልጄ፤ አላወቅኩም» ብላ ወደ ላሞቿ ሄደች።

እሑድ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ መጣችና፣ «እኔ ላናግራት» አለች።

ስልኩ ላይ ቀጭን፣ ጠይም፣ ፊቷ የተኮማተረ ሴትዮ ብቅ አለች። እናቴ በአማርኛ ተናገረች፤ እንግዳችን በለመደችው አማርኛ እየሰማች በቋንቋቸው አደረሰች።

«እንዲህ በያት። እኔም ከመሬቴ አልወጣም ብዬ ነበር። የወጣሁት ዶዘር መጥቶ ነው፤ ጣሪያዬን እንኳ ሳላወርድ። የእኔን መሬት ቤት በላው፣ የእሷን ውሃ። አውድማዬ ግን የት እንደነበረ ዛሬም አውቃለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ጋ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ነው። ጥበቃው መኪና ልትሰርቅ መጣች ይለኛል እንጂ እኔ እዚያ ቆሜ አውድማዬን ደህና ዋልሽ ወይ እላታለሁ። የሚያውቀው ሰው ካለ ቦታው አለ በያት። እሷ ከውሃው ጋር ከሄደች ባሏ የት እንደተኛ ማን ይናገራል?»

ሴትዮዋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና አንድ ነገር ተናገረች። እንግዳችን ወደ እናቴ ዞረች። «ቤቱን እንዲፈቱ ነገ ጎረቤቶቹን ጥራልኝ ብላ ለአጎቴ ትልካለች» አለች። እኔ ኮራሁ! ፊደል ባልቆጠረችው እናቴ እስከ ዛሬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በሰኔ ቪዲዮው ደረሰን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ወንዶቹ አንድ ሙሉ የቆርቆሮ ግድግዳ በአናታቸው ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ በሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን። እናትየው ዶሮዋን ታቅፋ ከፊት ትመራለች። ሳይመሽ ጣሪያው ላይ ብሎን እያጠበቁ ነበር። እንግዳችን ደረቷን ነፍታ፣ «አየሽ አገሬን?» አለችኝ። አየሁ። ጎርፉን በቴሌቪዥን ያሳዩን ሰዎች ይህን ለምን እንዳላሳዩን ግን እስከ አሁን ይገርመኛል።

ነሐሴ ላይ ወንዙ የድሮውን ቦታ ወሰደው። ልትሄድ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነው እናቷ የደወለችው። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ሴትዮዋ አዲሱ ዳር ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ እስከ ሰማይ ድረስ ቡናማ ውሃ ነው። እጇን ዘርግታ ወደ መሃል ጠቆመች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«አባትሽ እዚያ ጋ ነው አለችኝ።»

እኔ ውሃ ብቻ ነው ያየሁት። እናቴ ግን የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «በይ አንቺም ቦታውን በልብሽ ያዢው» አለቻት፤ «ከእሷ በኋላ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እንግዳችን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ እናቷን፣ «እንደገና አሳዪኝ፤ ቀስ ብለሽ» አለቻት።