ሄርሽ ያልሰማው ስም

ሄርሽ ቫልድማን ካሜራ ከያዘ ሌላ ነገር አይታየውም ነበር። ጓደኞቹ «የሱ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ ጭሱን ያነሳል፤ ውሃ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ደግሞ፣ ምስኪን፣ እንደ ሙገሳ ይቆጥረው ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ አይሁዶችን ወደ ሞት ሲያስጭን የነበረው የናዚ ሹም ኢየሩሳሌም ላይ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ችሎቱን ለዓለም ቴሌቪዥን ከሚቀርጹት አንዱ ሄርሽ ሆነ። ዳኞቹ እንዳይረበሹ ተብሎ ካሜራዎቹ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቀዋል፤ የሚያነሱት በሽቦ መረብ በተሸፈነ ቀዳዳ ነው። አዘጋጁ ሌላ ክፍል ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ ያዛቸዋል። የሚገርመው፣ በአገሩ ገና ቴሌቪዥን አልነበረም። ዓለም የሚያየውን ሕዝቡ በሬዲዮ ነበር የሚከታተለው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ በየመስኮቱ።

ሚስቱ ዚስልም ለምስክርነት ተጠራች። ከጦርነቱ በፊት ሌላ ባልና አንዲት ሴት ልጅ እንደነበሯት ሄርሽ ያውቃል። ስለ ልጅቷ ግን አንድም ቀን አውርታለት አታውቅም፤ እሱም ቁስሏን ላለመንካት ብሎ ጠይቋት አያውቅም። በዋዜማው ሸሚዙን እየተኮሰች፣

«ስሟን እዚያ እናገራለሁ» አለችው። «አንድ ጊዜ ብቻ። ቤት መጥቼ ልድገመው ብል አልችልም።»

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ።»

«እሺ አትበለኝ፣ ስማኝ! ከሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። የት ጋ ነው የምትቆመው?»

«በግራሽ በኩል፣ ከመረቡ ጀርባ።»

«እንግዲያው ወደዚያ እያየሁ ነው የምናገረው። ዳኞቹ ለነሱ ይምሰላቸው።»

ማዳመጫው ሁለቱንም ጆሮ ይደፍናል። የካሜራ ሰዎቹ ምስክር መስማት ሲያምራቸው አንዱን ጆሮ ገለጥ ያደርጋሉ። ሄርሽም እንደዚያ ለማድረግ ቆርጦ ገባ።

ዚስል የምስክሮቹ መቆሚያ ላይ ወጣች። አዘጋጁ እሷን ለሌላ ካሜራ ሰጠና ሄርሽን «አንተ ተከሳሹን ያዝ፤ ፊቱን እንዳትለቅ» አለው። ሰውየው እንዳይገደል በተሠራለት መስታወት ቤት ውስጥ ተራውን እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ተቀምጧል። ያ ፊት ለሳምንታት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሄርሽ እጁን ወደ ማዳመጫው ሲሰድ፣ የሰውየው የከንፈር ጥግ ሳብ አለች። «መጣ! ሊሰበር ነው!» አለ በሆዱ፤ እጁንም ወደ ካሜራው መለሰ። አዘጋጁም በጆሮው «ቅረበው፣ ቅረበው!» እያለ ይጮኻል። ቀረበው። ሰውየው ከንፈሩን ላሰ፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ በቃ። ሄርሽ ጆሮውን ገለጥ ባደረገ ጊዜ ዚስል መሐረቧን ጨብጣ እየወረደች ነበር።

እራት ላይ ፊቷ ፈካ ብሏል። የድንች ሾርባውን ቀድታ አቀረበችለትና፣ «ወዳንተ ሳይ አየኸኝ?» አለችው።

«አየሁሽ።»

«እስቲ አንተ ጥራልኝ። ባንተ አፍ ልስማት።»

ሄርሽ ማንኪያውን አስቀመጠ። ስሙን አልሰማውም ነበር። ዚስል ጠበቀችው፤ ደግማ አልጠየቀችም። ሳህኖቹን አነሳች።

በማግስቱ ገበያ ወረደ። ወይራ ሻጩ ሳሶን ገና ሲያየው ከመደብሩ ወጥቶ አቀፈው። «ወንድሜ፣ ሬዲዮኑን ከፍተን ሁላችን ስናለቅስ ዋልን። ሚስቴማ ‹ፔርሌ፣ ፔርሌ› እያለች እንባዋ አልቆም አላት። አይ ልጅ!»

ስሙን ያገኘው እዚያ ነው፤ ከወይራ ሻጭ። ደረጃውን እየሮጠ ወጣና በሩ ላይ ሆኖ «ፔርሌ» አላት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ማን ነገረህ?»

«ሳሶን።»

«ሳሶን እንኳ ሰምቶኛል» አለችና ስፌቷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሰላም አብረው ኖሩ። ብትሰድበው በወደደ፤ አልሰደበችውም። የልጅቷን ስም ግን ሁለቱም ዳግም አላነሱትም። ሰዎች ሥራውን ሲያውቁ ጠጋ ብለው «እስቲ ንገረን፣ በሰውየው ፊት ላይ ምን አየህ?» ይሉታል።

«ምንም» ይላል ሄርሽ። «ምንም አልነበረበትም።»