የእማ ዝማም ቀፎዎች

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም። አሁን የምጽፈው አፌ ያልደፈረውን እጄ ይደፍር እንደሆነ ብዬ ነው።

ከኮሌጅ ወጥቼ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ኢንተርኔት ገባለት። አንድ ኮምፒውተር ነው፤ የሚሠራውም በስልክ መስመር ስለሆነ ስልክ ከተደወለ ይቋረጣል። ለእኔ ግን ዓለም በእጄ የገባች መሰለኝ። ኮሌጅ ሳለን አንድ የንብ መጽሐፍ እየተሻማን ነበር ያነበብነው፤ አሁን ግን አንድ ቃል ስጽፍ ሺህ ገጽ ይመጣልኛል። ሌላው ሥራ ሁሉ አስጠላኝ። ባልደረቦቼ "ፕሮፌሰሩ" ይሉኝ ጀመር። እንደሚያሾፉብኝ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እማ ዝማም የሚባሉ እናት ወደ ቢሮዬ መጡ። ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በአምስት ቀፎ ንብ ነበር። በቅል ስባሪ የሞቱ ንቦችና ነጫጭ እጮች ይዘው መጥተዋል።

"ከቀፎው ደጃፍ እየወደቁ ነው" አሉኝ። "እጫቸውንም እያወጡ ይጥላሉ። ዘንድሮ አበባም የለ። ርቧቸው ይሆን እንዴ ልጄ? በሶ ልስጣቸው?"

አበባ ሲጠፋ ለንብ በሶ በማር ለውሶ መስጠት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን እንዲህ ላለ መልስ መማር ምን አስፈለገኝ ብዬ ነው መሰለኝ፣ "ይቆዩ እማ፣ ከኢንተርኔት አይቼ ልንገርዎ" አልኳቸው።

እሳቸው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይመራኛል። አንዱ ተባይ ነው ይላል፣ አንዱ ፈንገስ፣ አንዱ መርዝ። ምልክቱ ሁሉ እማ ዝማም ከነገሩኝ ጋር ይገጥማል። አንዱንም እስከ መጨረሻው አላነበብኩም። ከሁሉም ያስፈራኝ አንድ የእጭ በሽታ ነበር፤ ቀፎው ካልተቃጠለ አገሩን ያዳርሳል ይላል። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ማድረግ የነበረብኝ አብሬያቸው ሄጄ ቀፎውን ከፍቼ ማየት ነበር። ፀሐዩ ከረረብኝ፣ መንገዱም ረዘመብኝ። በዚያ ፈንታ ያገኘሁትን ሁሉ በወረቀት አተምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠራኋቸው። የወረቀቱን ቁልል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "መቃጠል አለባቸው" አልኳቸው።

"አምስቱም?"

"አምስቱም።"

"ሌላ የሚያውቅ ሰው ብንጠይቅስ?"

እጄን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጌ "ከዚህ በላይ ማን ያውቃል እማ?" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

እማ ዝማም ማንበብ አይችሉም። ቁልሉን ግን ብዙ ቆይተው አዩት። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነባሩ ባለሙያችን ጋሽ ሞላ ለመስክ ሥራ ወደዚያው ቀበሌ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። የእማ ዝማም ጎረቤት ንቦችም እንዲሁ እየወደቁ ነበር። ጋሽ ሞላ ቀፎውን አጢሰው ከፈቱት። ውስጡ ጠብታ ማር የለም።

"ርሃብ ነው። በሶ ስጧቸው፣ ስኳርም በጥብጡላቸው" አሉ።

በቃ፣ ይኸው ነው።

ጎረቤትየው "እማ ዝማም ግን የሳቸውን አቃጠሉት" አለ። ወደ ቤታቸው ሄድን። ግድግዳው ሥር የጠቆረ መሬትና አመድ ብቻ ነበር የቀረው። ጋሽ ሞላ ተናደዱ። "ማን ነው ያቃጥሉ ያለዎት?" ብለው ጠየቋቸው።

እማ ዝማም እኔን አዩኝ። ከዚያ "ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ፣ ፈርቼ" አሉ።

ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

ጋሽ ሞላ ቀድመው ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀርቼ "ይቅር ይበሉኝ እማ" አልኳቸው።

"እኔስ በሶውን ለውሼ አስቀምጬ ነበር የመጣሁት" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። "ያን ያህል ወረቀት ሳይ ግን፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ክረምት ቤታቸውን ዘግተው ኒሯቅ ከተማ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸውን ሰማሁ።

ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ዛሬም ብዙ አነባለሁ። ገበሬ ሲመጣ ግን መጀመሪያ "እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህም ቢሆን ኀፍረቴን አልቀነሰልኝም።

ጋሽ ሞላ ሥልጠና በሰጡ ቁጥር ይህን ታሪክ ያነሱታል። "አንዲት ያልተማሩ ሴት ርሃቡን በሽታ ነው ብለው አምስት ቀፎ ከነንቡ አቃጠሉ" ይላሉ። ሠልጣኙ ይስቃል። ባለፈው ወርም አወሩት። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።