የቀኙ ብሎን

እንጦጦ ጋራ ላይ፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶ በሚታይበት አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሣር አጫጅ ነኝ። ማጭድ ይዤ የማጎነብስ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምነዳው ማሽን ነው። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «ልጄ ሹፌር ናት» ትላለች፣ እኔም አላርማትም።

ማሽኑ መሪ የለውም። በመሪ ፈንታ ከግራና ከቀኝ ሁለት እጀታዎች አሉት፤ የግራው የግራውን ጎማ፣ የቀኙ የቀኙን ያዝዛል። ሁለቱን እኩል ከገፏቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንዱን ለቀቅ ካደረጉት ወደዚያው ወገን ይዞራል። ከየእጀታው ሥር ደግሞ እጀታው እስከ የት እንደሚገፋ የሚወስን ብሎን አለ። ብሎኑ ወደ ውስጥ ከገባ እጀታው ቶሎ ይቆማል፣ በዚያ በኩል ያለው ጎማም ይዘገያል። የእኔና የጋሼ ጠብ ሁሉ የመጣው ከዚህ አውራ ጣት ከማያክል ብሎን ነው።

ጋሼ ማሽኑን በፈረቃ የምንነዳው ባልደረባዬ ናቸው። ጠዋት እሳቸው፣ ከምሳ በኋላ እኔ። እዚህ ከመምጣታቸው በፊት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ መሪ የሌለው ነገር አይዋጥላቸውም። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ሞተር የተገጠመለት ወንበር ነው» ይላሉ፣ ግን ሲነዱት መስመራቸው በክር የተለካ ይመስላል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስቀመጥበት ማሽኑ ወደ ቀኝ ሳበኝ። እኔ ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ላቀና ስል እሱ ቁልቁል ሾላ ገበያ ካልወረድኩ አለ። ወርጄ ባይ የቀኙ ብሎን ሁለት ዙር ተኩል ገብቷል። አስራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፌን አውጥቼ መለስኩት። በማግስቱ ያው ሁለት ዙር ተኩል ገብቶ ጠበቀኝ። በሳልስቱም።

«ጋሼ፣ ይሄን ብሎን ማን ነው የሚነካካው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሌሊት ጅብ ነክቶት ይሆናል።»

«ጅቡ አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አለው?»

«የእንጦጦ ጅብ ምን የሌለው አለ ልጄ!»

ሦስት ወር እንዲህ ኖርን። እሳቸው ጠዋት ያስገባሉ፣ እኔ ከምሳ በኋላ አወጣለሁ፣ ሁለታችንም ካፈርኩ አይመልሰኝ። ማሽኑ በእሳቸው እጅ ስለሚንቀራፈፍ ፍጥነት ፈርተው ነው ብዬ ደመደምኩ። «ጋሼ፣ በዚህ አካሄድዎ ጅቡቲ ስንት ዓመት ይፈጅብዎት ነበር?» ስላቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉኛል። እኔን ወደ ቀኝ የሚስበኝ ማሽን እሳቸውን እንዴት ቀጥ አድርጎ እንደሚወስዳቸው ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ሰው ሲናደድ የሚያስበው የተናደደበትን ነገር ብቻ ነው።

በመጨረሻ አለቃችን ዘንድ ሄጄ «ማሽኑ ይስባል» አልኩ። የጋሼን ነገር አላነሳሁም፣ ግን ለማን ብዬ እንደሄድኩ ልቤ ያውቃል። ከጉርድ ሾላ መካኒክ መጣ። እጀታዎቹን መሀል ላይ አቁሞ ጎማው እንዳይንፏቀቅ አስተካከለ፣ ሁለቱን አጣምሮ ትክክል መሆናቸውን አየ፣ ብሎኖቹን አንድ ልክ አድርጎ ነድቶ ሞከረው። ሲጨርስ ማንም ቢያዞራቸው እንዲያስታውቅ በብሎኖቹ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አደረገባቸው። አለቃችን ሁለታችንንም ጠርቶ «ይሄን ቀለም የሰበረ ሰው ከማሽኑ ይወርዳል» አለ። እኔ ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ በጠዋት ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ላሾፍባቸው ነው የመጣሁት። ጋሼ ማሽኑ ላይ ወጥተዋል፣ ከእኛ በቀር ማንም የለም፣ እኔንም አላዩኝም። ማሽኑ ወደ ግራ ታጥፎ ዳር ወዳለው የጽድ ዛፍ ሄደ። አቆሙት፣ መለሱት፣ እንደገና ሞከሩ። እንደገና ወደ ጽዱ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው፣ በደረታቸው ላይ አሻግረው፣ የግራውን እጀታ በእሱ ሊገፉት ሞከሩ። ማሽኑ ባለበት ዞረባቸው። የግራ ክንዳቸው ከክርናቸው እጥፋት አላልፍ ብሎ፣ ሲገፉ ከትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የግራውን እጀታ እስከ መጨረሻው መግፋት አይችሉም፤ ስለዚህ የቀኙን ወደ ግራው አቅም አውርደውት ነበር። ሁለት ዙር ተኩል የትከሻቸው ልክ ነው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ የምነቅለው እሱን ኖሯል።

አፈርኩ፣ ፊቴ ጋለ። ጡረታቸው ሊሞላ የቀራቸው አራት ወር ነው። ክንዳቸው ደህና እንዳልሆነ አለቃችን ካወቀ ያን አራት ወር አያቆያቸውም። ያንን ደብቀው ለመጨረስ የነበራቸው አንድ ብሎን ነበር፣ እሱንም እኔ በቀለም አሳሸግሁባቸው። ጋሼ ማሽኑን አጠፉና ብቻቸውን «ጤዛው አላስነዳ አለ» አሉ፣ ለሚመጣው ሰው የሚሉትን እየተለማመዱ።

ማታ ስመለስ ሾላ ወረድኩና ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ሻጯ እጄን አገላብጣ አየችና «እንዲህ ሻክሮ ለማን ልትቀቢው ነው?» አለችኝ። «ለብሎን» አልኳት፣ ሳቀች።

በማግስቱ ማንም ሳይገባ የመካኒኩን ቀለም ሰብሬ የቀኙን ብሎን ሁለት ዙር ተኩል አስገባሁት። መቁጠር አላስፈለገኝም። ከዚያ የጥፍር ቀለሙን ጠብ አደረግሁበት፤ ወደ ሮዝ ያደላል እንጂ ከሩቅ አያስታውቅም። ጋሼ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ገፉ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ እስከ አጥሩ ሄደ። ተመልሰው አጠገቤ አቆሙት፣ ጎንበስ ብለው ብሎኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጅቡ ዛሬ ተኳኩሎ ነው የመጣው» አሉ። ድምፃቸው ግን አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ብሎኑን አልነካሁትም። የግራ እጄን ያዝ እያደረግሁ ላቃናው ብሞክርም የለመደ እጄ እምቢ አለኝ፤ መስመሬ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። አለቃችን መጣና እዚያው ጋሼ ሣር በሚሰበስቡበት ፊት ቆመ።

«አንቺ ምን ሆነሻል? ማሽኑ ተስተካክሎልሽ የባሰ ነዳሽ? የጠዋቱን እዪ፣ የራስሽን እዪ!»

ጋሼ መሰብሰቢያውን ለቀቁት። አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና ሊናገሩት እንደሆነ አወቅሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ ቀድሜ። «ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ መንዳት ያቃተኝ።»

ጋሼ መሰብሰቢያውን በቀኝ እጃቸው አንስተው «ተዋት» አሉት። «ልጅ ናት፣ ትለምዳለች።» ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ።

«ልጄ ሹፌር ናት» የምትለው እናቴ እስካሁን አልሰማችም እንጂ፣ የጋሼ ጡረታ እስኪሞላ አራት ወር ሙሉ፣ በዚያ ግቢ ቀጥ አድርጋ መንዳት የማትችለው እኔ ነበርኩ።